ማን ነካው?

ማሽን በቆመበት ፋብሪካ ሁሉ ሁለት ሰው አይጠፋም፤ አንዱ «ማንም አልነካውም» ብሎ የሚምል፣ ሌላው ቦርሳውን አንጠልጥሎ «ማን ነካው?» እያለ የሚገባ። ሁለተኛውን የማታውቁ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ ልጄን ድሬለታለሁ።

የክቡር አማቼ ሥራ ከከተማ ከተማ እየዞረ በራሳቸው የሚሠሩ የፋብሪካ ማሽኖችን መጠገን ነው። «በራሳቸው የሚሠሩ ከሆነ አንተ ምን ያዞርሃል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሰው ስለሚነካቸው ነዋ፣ አባባ» አለኝ። በእሱ ሃይማኖት ማሽን ኃጢአት የለበትም።

ቦርሳው ምንጊዜም በሩ ሥር ተዘጋጅታ ትጠብቃለች። ምሳ ሲቀርብ ስልኩ ይጮኻል። የጎረሰውን ሳይውጥ «ማን ነካው?» ይላል፤ ከዚያ «ትንሽ ነገር ናት፣ ደርሼ መጣሁ» ብሎ ይወጣል። ያቺ ትንሽ ነገር ሳምንት ታስቀረዋለች።

ቤትም ያው ነው። ቴሌቪዥን ቢጠፋ፣ ቧንቧ ቢያንጠባጥብ፣ «ማን ነካው?» አንድ ጊዜ ማቀዝቀዣው ላይ «አይነካም» የሚል ወረቀት ለጠፈ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ስለሆነ የተጻፈ ነገር አከብራለሁ። ልጄ ግን «ውሃውን በምኞት ልጠጣው?» ብላ ገነጠለችው። ጎረቤታችንም «ማን ነካው ሲል ሲል እሱኑ ነካ አደረገው» ይላል።

አንድ ቀን እህቴ ዘንድ ሊያደርሰኝ ስንሄድ፣ መንገዳችን ላይ ካለ ጠርሙስ መሙያ ፋብሪካ ጎራ አልን። ጠርሙሶቹ ቆመዋል፤ ሠራተኞቹም እንደ ጠርሙሶቹ ተሰልፈው ጠበቁን።

«ማን ነካው?»

«ማንም አልነካውም፣ ኢንጂነር!»

«እኔ አሁን መግባቴ ነው።»

«እኔማ ዛሬ እረፍት ነኝ።»

«እረፍት ከሆንክ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው ጓደኛው።

«አንተን ልጠይቅ ነዋ!»

አማቼ ማሽኑን ዞረው። ጠርሙስ ሲያልፍ የምታይ አንዲት ትንሽ ዓይን አለችው፤ እሷ ላይ የጃኬት እጅጌ ተንጠልጥሎ ሸፍኗታል። «ይሄ የማነው?» ቢል ባለቤት ጠፋ። እረፍተኛው ብቻ በሸሚዝ ይንቀጠቀጣል። አማቼ ጃኬቱን አንስቶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት።

ልጄ ስታረግዝ ቁርጡን ነገረችው፦ «ምጤ ሲመጣ አጠገቤ ከሌለህ፣ ቦርሳህን አግባት!» ማለላት። እሷም አላመነችው፣ እኔም አላመንኩት። ቀኗ ሲቃረብ ስልኩ ጮኸ፤ «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ምጡ መጣ። ደወልኩለት፤ ከወዲያ መፍቻ ሲያንኳኳ ይሰማል።

«ልጄን ጀምሯታል!» አልኩ።

«ማን ነካት?»

«አንተ ነሃ! ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። «መጣሁ፣ አባባ» አለ። በዚያ ጥያቄ ታሪክ ሁሉ ወዲያው ያመነ ጥፋተኛ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ማሽኑን እንደቆመ ጥሎት ከነመፍቻው ሐኪም ቤት ደረሰ። አዋላጇ በር ላይ አገኘችውና «እጅህን ታጠብ! ምንም ነገር እንዳትነካ!» ብላ ጮኸችበት። አንገቱን ደፍቶ ታጠበ። ልጄም እጁን ይዛ፣ እየሰደበችው፣ ሴት ልጅ ወለደች።

ትናንት ሕፃኗ ተኝታ፣ እሱ ጓዳ የሆነ ነገር ሲፈታታ፣ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር። ድንገት አለቀሰች። እየሮጠ መጣ።

«ማን ነካብኝ? እኮ የኔን እመቤት ማን ነካብኝ?»

ያንን ቃል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ለስልሶ ግን ሰምቼው አላውቅም።

«ማንም አልነካትም» አልኩ፣ በሙሉ ክብሬ።

ጎንበስ ብሎ እንደ ልማዱ ዙሪያዋን መረመረ። ጭብጥ ያለች ጡጫዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አባባ» አለኝ፣ «ይቺ ጣት የማን ናት?»

ጣቴን ልሰበስብ ብል፣ ልጅቱ አልለቅም አለች።