ልፈፋ በከረባት

እኛ ጎንደሬዎች ወሬ አንጠላም። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው የእኛ ሰፈር ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ተነግሮን ሳንጨምርበት ያሳለፍነው ወሬ የለማ! ወሬው ከቴሌቪዥን ሲመጣ ግን ጠባያችን ይለወጣል። አንድ ሰው ከረባት አስሮ፣ ወረቀት ከፊቱ አስቀምጦ፣ ፊቱን ሳይፈታ ከተናገረ በቃ፣ እናምነዋለን። እንዲያው እውነቱን እንነጋገር ካላችሁ፣ የምናምነው ሰውየውን ሳይሆን ከረባቱን ነው።

ይህን ድካማችንን አይቶ ነው መሰለኝ፣ ዳዊት የሚባል የከተማችን ልጅ ከጓደኞቹ ጋር «ከሞላ ጎደል ዜና» የሚል የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጀመረ። ከረባቱ የእውነት ነው፣ ወረቀቱም የእውነት ነው፣ የሚነበበው ግን ቀልድ ነው። አንድ ጊዜ ስለ ቧንቧ ውኃ ዘጋቢ ፊልም ሠሩ። እነዚያን የዱር አራዊት ፊልሞች ታውቋቸው የለ፣ አውሬው እንዳይደነብር ተራኪው በሹክሹክታ የሚያወራባቸውን? ልክ እንደዚያ። አንዲት ሴትዮ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ቧንቧው ሥር አድፍጣለች። ተራኪውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውኃ በዚህ ወቅት ወደ ሰው መኖሪያ ብቅ እንደምትል፣ ነገር ግን እጅግ ዓይነ አፋር እንደሆነች ያስረዳል። ፊልሙ አለቀ፤ ውኃዋም አልመጣች።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተሰደብን አለ። በእድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ጎረቤቴ ብድግ ብሎ፣ ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል፣ ይህ ልጅ ሕዝቡን ይቅርታ ይጠይቅ ሲል ጮኸ። ጎረቤቴ ራሱ ከቧንቧው ውኃ ካየ የከረመ ሰው ነው። የቢሮ ሰዎችም ገጽታችን ተበላሸ አሉ። እኔም የቢሮ ሰው ነኝና ቢሮ ውስጥ አብሬ እቆጣለሁ፤ ቤቴ ገብቼ እስቃለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳዊት ከረባቱን አስተካክሎ ሰበር ዜና አለን አለ። በአገር ምድሩ የጠፉ ሰዎች በሙሉ መገኘታቸው ታውቋል። የተገኙትም በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ፊርማ ሲጠብቁ ነው። ኃላፊው ከስብሰባ እንደወጡ ፈርመው ወደየቤታቸው ይልኳቸዋል። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። «አክስትህ ይህን ባታየው ምናለ» አለችኝ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

አክስቴ አለምነሽ ቆላ ድባ ነው የምትኖረው። አክስቴ ትሁን እንጂ በዕድሜ ብዙም አንራራቅም፤ አብረን ነው ያደግነው። ሙላው የሚባል አንድ ልጅ አላት። ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ወደ መተማ ወረደ። መንገዱ ሰላም አጥቶ የታመመበት ዘመን ነበር። ጓደኞቹ ተበታትነው አንዳንዶቹ ተመለሱ፣ ሙላው አልተመለሰም። ሞተ ያለ ሰው የለም፣ አለ ያለም የለም። በእኛ አገር የሞተ ሰው መርዶው ይነገራል፣ ይለቀስለታል፣ ተዝካሩ ይወጣል፤ ሰዉም ድንኳን ገብቶ ያጽናናል። የጠፋ ሰው ግን ምንም የለው። አክስቴ ጥቁር እንዳትለብስ መርዶ አልመጣላት፣ ነጭ እንዳትለብስ ልቧ እሺ አላላት። እንዲሁ ግራጫ ለብሳ ከረመች።

ከዚያ እሑድ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የቤቴ በር ተንኳኳ። አክስቴ ናት፤ ያመጣችልንን ሽምብራ ገና ሳታስቀምጥ፣ ዜናውን ያነበበው ልጅ ዘንድ ውሰደኝ አለች። እኔና ባለቤቴ ተያየን። አይ አለምነሽ! አምናዋለች ማለት ነው። ልጇ ኮሪደር ላይ ፊርማ እየጠበቀ መስሏታል። ባለቤቴ በዓይኗ ንገራት ትለኛለች፤ እኔ ምን ብዬ ልንገራት? መንገዱን በሙሉ ቃል ስፈልግ ሄድኩ። አንዱን ስጀምር ሳል ያዘኝ፣ ሌላውን ስጀምር ባጃጅ ጡሩንባ ነፋብኝ። በመጨረሻ፣ ያለውን ያለው እሱ ነው፣ እሱው ያስረዳት ብዬ ተውኩት።

ዳዊት የሚቀርጸው ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ያለ ከረባት ሲያዩት ገና ልጅ ነው። ማን እንደሆነችና ልጇ እንዴት እንደቀረ ጆሮው ሥር ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ራሱ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ያልኩት ሁሉ ቀልድ ነው፣ የተገኘ ሰው የለም አላት።

አክስቴ አየችው።

«ቀልድ መሆኑንማ አውቄያለሁ፤ ቤት ሙሉ ሰው ሲስቅ አየሁ እኮ» አለችው። «ግን ልጄ፣ የእውነቱ ዜና አንድ ቀን እንኳ ሰው ጠፍቷል ብሎ አያውቅም። የጠፉ ሰዎች ስትል የሰማሁት አንተን ብቻ ነው።»

 እኔ መንገድ ላይ ስፈልገው የነበረው ቃል ሁሉ ከንቱ እንደነበር ገባኝ። ተሳስቼ የነበርኩት እኔ ነኛ!

ከዚያ የመጣችበትን ነገር ተናገረች። በእነሱ አገር በደንቢያ በሬ ሲጠፋ ባለቤቱ ገበያ መሐል ቆሞ ያስለፍፋል። ቀለሙ፣ ቀንዱ፣ ምልክቱ ይነገራል። ልፈፋውን ሰምቶ፣ በሬውን አይቶ ዝም ያለ ሰው እንደሰረቀ ይቆጠራል። አልሰማሁም ማለት አይችልም፤ ገበያው ምስክር ነው።

«በሬያችን የጠፋ ጊዜ ሦስት ገበያ ተለፍፎለታል» አለች። «ሙላው ግን አንድ ቀን አልተለፈፈም። የአንተ ገበያ ትልቅ ነው አሉ። ልፈፍልኝ።»

የዳዊት ጓደኞች ፈሩ። ለቀልዱም ጥሩ አይደለም፣ ለእኛም ጥሩ አይደለም አሉ፤ አልተሳሳቱም። እሱ ግን እሺ አላት፤ አንድም ቀልድ እንደማይጨምርበት በእግዜር ስም ማለላት። የልፈፋውን ቃል እሷ ነገረችው፣ እሱ በወረቀት ያዘ። እሷም በዚያው ቀን ወደ ቆላ ድባ ተመለሰች።

እሑድ ደረሰ። ያን ቀን ቤት መቀመጥ አቃተኝና ሰፈራችን ካለችው መጠጥ ቤት ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ሰዉ መለኪያውን ይዞ ገና ሳይጀመር ፈገግ ብሏል። ዳዊት ከረባቱን አስሮ፣ ፊቱን ሳይፈታ አነበበ።

«ስማ ስማ፣ ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ። ሙላው ይባላል። ጠይም፣ ረዘም ያለ ነው። ቀኝ ጆሮው ሥር ጠባሳ አለው። ሲስቅ ዓይኑ ይጨፈናል። ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ጠፍቷል። ያየ ወይም አድራሻውን የሰማ ቆላ ድባ ለእናቱ ያመልክት።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ ሰውን እንደ በሬ አስለፈፈው እኮ፣ ይህ ልጅ ጉደኛ ነው ይላል። ሌላው ጆሮውን እየያዘ ጠባሳውን ያሳያል። ዳዊት ፊቱ ክፉኛ ጠቁሯል፤ እነሱ ግን እሱንም የትወናው ብልሃት አደረጉት። መቼም ሳቅ የለመደ ሰው ሲያለቅሱበትም ይስቃል። ዝም በሉ ብዬ ልጮህ ነበር፤ ምን ብዬ ልቀጥል? ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ውጭ ቆሜ ለአክስቴ ደወልኩ። እንዳላየችው እየተመኘሁ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ፣ ወይም ጎረቤት ጋ ሳትሄድ ቀርታ። አይታዋለች። ሸጋ አድርጎ ለፈፈው፣ አንዲት ቃል አልጎደለችም፣ ይባረክ አለችኝ። ድምፅዋ ደክሟል።

«ሰዉስ?» አልኳት፤ ባልጠይቅ ይሻል ነበር።

«ሳቁ። እናንተስ ጋ?»

ልዋሻት ብዬ አፌ እንቢ አለኝ። እዚህም ሳቁ አልኳት።



«ይሳቁ» አለች። «ከእንግዲህ አልሰማንም አይሉም።»