ወይዘሮ አይናዲስ የበረዶ ሳጥንን ጋን ያደረጉበት ዜና

በሥላሴ ስም። በዘመነ ማርቆስ፣ በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ይኸውም ከአምበር በላይ ባለችው መንደር የመብራት ምሰሶ ተተክሎ መብራቱ ግን መንገድ ላይ በቀረበት፣ ቁራም ምሰሶው ላይ ተቀምጦ በሰው ሁሉ ሲስቅ በከረመበት ዘመን፣ የጋን እመቤት፣ የጌሾ ዳኛ፣ የቀጭን ጠላ ጠላት፣ ፊደል ያልቆጠሩ ነገር ግን የሰውን ልብ እንደ ዳዊት የሚደግሙት ወይዘሮ አይናዲስ የተናቁበትና ናቂያቸውን ያሳፈሩበት ዜና ይህ ነው።

ንቀቱም እንዲህ ሆነ። በጥቅምት ሥላሴ ማኅበርተኛው በጎረቤታቸው በያለምወርቅ ቤት ተሰብስቦ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ፣ ጽዋው ወደሚቀጥለው ደጋሽ የሚያልፍበት ሰዓት በደረሰ ጊዜ፣ ተራው የአይናዲስ መሆኑን በር ላይ የተኛው ውሻ እንኳ እያወቀ፣ እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን ዘርግተው ሳለ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አለበል፣ አንገቱ የረዘመ፣ ልቡ ያጠረ፣ ቤቱን ቆርቆሮ ካለበሰ ወዲህ መሬት ማየት የተወ፣ ጽዋውን በራሳቸው ላይ አሳልፎ በገዛ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እንዲህም ብሎ አዋጅ አስነገረ፦

«ማኅበርተኞች ስሙ! እትዬ አይናዲስ ደክመዋል፤ ጋናቸውም ነሐሴ ላይ ተሰንጥቋል። ጋን የሌለበት ቤት ጽዋ አይገባም። ከእንግዲህ እየጠጡ ይመርቁን፤ ለድግሱ እኛ አለን።»

እየጠጡ ይመርቁን! ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያጠጡ የኖሩትን ሴት! ማኅበርተኛው ሁሉ ፊቱን ወደ ዳቦው ፍርፋሪ አዞረ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደ ሰንበት እንኳ ከዋንጫቸው ሥር ምንባብ የተጻፈ ይመስል አቀርቅረው ቀሩ። አይናዲስ ግን ነገሩን አወቁት። ጽዋ አንዴ የዘለለው ሰው ሁለተኛ አይመለስለትም፤ በመጀመሪያ ከማይደግሱት ተቀማጮች ጋር ያስቀምጡታል፤ ቀጥሎ ዋንጫውን ለብ ያለ ይሰጡታል፤ በመጨረሻም መምጣቱንም መቅረቱንም የሚቆጥር አይኖርም። ስለዚህ ተነሥተው ከደጃፉ ላይ ቆመው አወጁ፦

«አለበል! ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል ሰምተህ እኔን ጠጠር አደረግኸኝ። እኔ ጋኑ ነኝ! ለኅዳር ሥላሴ ጠላዬን ይዤ ከቤትህ እገባለሁ፤ ያን ጊዜ ዋንጫ ዘርግተህ ትለምነኛለህ!»

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ በደብረ ማርቆስ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራው ልጃቸው ወለላ፣ ሆቴሉ የሳጥኑ ቧንቧ ስለ ተሰበረ የጣለውን፣ በረዶ የሚሞላበትን ሰማያዊ የፕላስቲክ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ሳጥን በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጭና ላከችላቸው፤ ቃልም ጨመረች፤ እማዬ ቀዝቃዛ ውሃ ትጠጣበት ብላ። በጥቅምት! ውሃው ራሱ በሚንቀጠቀጥበት ደጋ! ከተማ የገባ ልጅ ስጦታው ይህ ነው። አይናዲስ ግን አልተቆጡም። እጃቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተው፣ ክዳኑን በክንዳቸው ላይ ገጥመው፣ መዳፋቸው እስኪሞቅ ተቀመጡ፤ ሲሞቅም ለቤቱ ሁሉ አወጁ፦ «ብርድን አስሮ የሚያቆይ ሙቀትን ወዴት ይለቀዋል? ጋኔ መጣ!»

ለዘመቻውም የተከተላቸው ሠራዊት ይህ ነበረ፦ ጭነት ሲያይ የሚያነክስ ዳልቻ አህያቸው፤ ብቅል ልትለቅም እንጂ ልትዋጋ ያልመጣች ገብስማ ዶሮ፤ ጆሮዋ የተቀደደ ድመት፤ በስተኋላም ያለምወርቅ፣ ጽዋው ሲያልፍ ዝም ስላለች አፍራ የመጣች፣ ነገር ግን ቆማ ከመደነቅ በቀር ምንም ያልፈየደች።

አይናዲስም ወስፌአቸውን በፍም አግለው የተሰበረውን ቧንቧ ቀዳዳ አሰፉ፤ ሸምበቆ ቆርጠው አስገቡበት፤ ዙሪያውን በጧፍ ሰም ደፈኑ፤ ለሸምበቆውም ጨርቅ የተጠመጠመበት የወይራ ውታፍ ሠሩለት። ደግሞም ጌሾና ገለባ ቀዳዳ ባዩ ጊዜ ሰርግ እንደሰማ ሰው እንደሚጋፉ ያውቃሉና፣ ከአክርማ ሳሳ ያለች ሰፌድ ሰፍተው ከሳጥኑ ወለል ከፍ አድርገው ዘረጓት፤ አተላው ከላይ ይቀር ዘንድ፣ ጠላውም ከታች ይወርድ ዘንድ።

አሜሃ፣ በዚያን ጊዜ፣ ታላቁ መከራ ሆነ። ጋን ሳይታጠን ጠላ አይጠነሰስምና፣ እናታቸው እንዳስተማሯቸው ሳጥኑን በግራዋ ፈትገው፣ የወይራ ፍም አጭሰው፣ አፉን ቁልቁል ደፉበት። ሸክላ ቢሆን መዓዛውን ጠጥቶ ዝም ባለ ነበር። ሰማያዊው ሳጥን ግን አለቀሰ፤ ከንፈሩም እንደ ጥርስ አልባ ሽማግሌ አፍ ተጨማደደ፤ ጥቁር ጢስ ወጣ፤ አህያው አናፋ፤ ያለምወርቅም ነጠላዋን ጥላ ሸሸች። ክዳኑ ከዚያ ወዲያ አልገጥም አለ።

ወሬው በአምበር ገበያ ሲሰማ አለበል የእህል ጆንያ ላይ ወጥቶ አወጀ፦ «ሕዝቤ ሆይ! እትዬ አይናዲስ ፕላስቲክ አጥነዋል፤ ለሚቀጥለው ገበያ ጎማ ይቀቅላሉ!» ሳቀ፤ አሳቀ። ያ ጆንያ ባይኖር ቁመቱን ማን ያየው ነበር?

አይናዲስ ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። ከተጨማደደው ሳጥን ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ጢስ የጠገበ እጃቸውን እያሸተቱ፣ ደክመዋል የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጣቸው ሲነገር ሰሙ። በዚያች ሰዓት ሳጥኑን ለዶሮዋ ማደሪያ ሊሰጡ ተቃርበው ነበር። ነገር ግን ዓይናቸው ጥግ ላይ ከወደቀው ስንጥቅ ጋን ላይ ዐረፈ። ያ ጋን መቼ ልክ የሆነ ክዳን ኖሮት ያውቃል? አፉን ዘግቶት የኖረው ጭቃ አይደለም? ጭቃ ደግሞ አፍህ ቀና ነው ወይስ ጠማማ ብሎ አይጠይቅም! ተነሡ፤ ብቅሉን፣ የአሻሮውን ቂጣና የተወቀጠውን ጌሾ በሞቀ ውሃ ለውሰው ከሳጥኑ አስገቡ፤ ውሃ ሞሉበት፤ ክዳኑን እንደ ጠመመ ጭነው በእበትና በአመድ መረጉት። ውጭ ውርጭ ሜዳውን ሲያነጣ ሳጥኑ ውስጥ በጋ ሆነ። ጆሮ ላስጠጋ ሰው ድፍድፉ እንደ ማኅበር ሐሜት ሲንሾካሾክ ይሰማ ነበር።

ኅዳር ሥላሴ ደረሰ። የአለበል ጋን ትልቅ ነበረ፤ ብርዱ ግን ከጋኑ ይበልጥ ነበር፤ ድፍድፉም ሳይነሣ እንደ ተኛ ቀረ። ሙሴው በድንጋጤ ከከተማ ቢራ በሳጥን አስመጣ። ወደ ጽዋው ቢቀዱት አረፋው ገንፍሎ የቄስ ወልደ ሰንበትን መዳፍ አራሰ፤ እሳቸውም እጃቸውን ጠራርገው ጸሎቱን ሳይጀምሩ ተቀመጡ። ማኅበርተኛው በደረቅ ጉሮሮ ዳቦውን አፍጥጦ ሲያይ፣ ዳልቻው አህያ በአንድ ጎኑ ሰማያዊውን ሳጥን፣ በሌላው ሚዛን ትጠብቅ ዘንድ የወፍጮ መጅ ተሸክሞ ከግቢው ገባ።

አይናዲስ ለማንም እጅ አልነሡም። ሳጥኑን አስወርደው፣ ምርጉን ሰብረው፣ ውታፉን ነቀሉ። ጠላው በሸምበቆው አፍ እንደ ዓይን ጠርቶ ወረደ፤ አንዲት የጌሾ ቅጠል አልተከተለችውም። ቄሱ ብድግ ብለው ባረኩ፤ ጽዋው ሞላ፤ ዋንጫው ዞረ። አንዳንዶች ጠላው የኮንጎ ጫማ ሽታ ነበረው ይላሉ። ይህን የሚሉት ደጋግመው ያስቀዱት ናቸውና ምስክርነታቸው አይታመንም። ከሁሉ በኋላ አለበል፣ አንገቱ ያጠረ፣ ዋንጫውን ዘርግቶ ከፊታቸው ቆመ።

እነሆ ሳጥን ያሸነፈች፣ ውርጭን ያሳፈረች፣ ጠማማን አፍ በጭቃ የዘጋች፣ ከቁይ እስከ ደብረ ኤልያስ አቻ የሌላት ጠማቂ! ክብር ለእጇ ይሁን፤ ለሸምበቆዋም ርዝመት! አይናዲስም የአለበልን ዋንጫ ሳይቀዱበት ያዙና በማኅበሩ ፊት የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«አለበል ስማ! ጽዋውን በራሴ ላይ እንዳሳለፍኸው፣ አሁን በራስህ ላይ ተሸክመህ እስከ ቤቴ ታደርሰዋለህ፤ በአምበር ገበያ በኩል ዞረህ፣ ሰው እያየህ። ባዶ እጅህንም እንዳትመጣ፤ ግራዋ ቀጥፈህ ና። ሳጥኑን የምታጥበው አንተ ነህ። ከዚያ ወዲያ እቀዳልሃለሁ።»