አባል የሌለው ቡድን

ጡረታ ወጥቼ ዲላ በተቀመጥኩ በሁለተኛው ክረምት፣ ኮንጋ በምትባል መንደር ያለ የአንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የውኃ መስመር በጎርፍ ተሰበረና የጥገና ቡድን እንዳደራጅ ተጠየቅሁ። ቡናው ቀልቶ መስመሩ ካልተጠገነ፣ የገበሬው እሸት ቡና በየጆንያው መበስበሱ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ሰብሳቢ ካላደረጉት በቀር አካፋ የማይጨብጥ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔን እንዲህ ያሉ አምስት ሰዎች በአንድ ስብሰባ አጋጠሙኝ!

«ጋሼ፣ እኔ ተራ አባል ልሆን ነው?» አሉኝ ከአምስቱ አንዱ፣ የቧንቧ ባለሙያው አቶ በቀለ፣ እንደ ተሰደበ ሰው ኮስተር ብለው።

በቢሮ ያረጀሁበት ጥበብ ያን ጊዜ ደረሰልኝ። ሁሉንም ሾምኳቸው፦ የቧንቧ ሰብሳቢ፣ የአሸዋ ሰብሳቢ፣ የሲሚንቶ ሰብሳቢ፣ የድንጋይ ሰብሳቢ፣ የቁፋሮ ሰብሳቢ!

«ታዲያ ማን ሊቆፍር ነው?» አሉ የጣቢያው ኃላፊ ወይዘሮ አልማዝ እየሳቁ።

«ሰብሳቢው ናቸዋ! የሚያዙት አባል የላቸውም።»

ከዚያ ወዲያ የነበረውን ፉክክር ባዩልኝ! የአሸዋው ሰብሳቢ በሞተር ብስክሌት እየተመላለሱ «ቁፋሮ ዘገየ!» ይላሉ፤ የቁፋሮው ሰብሳቢ «አሸዋ የታለ?» እያሉ ጭቃ ውስጥ ገብተው ይቆፍራሉ። ሥልጣን ለካ ይህን ያህል ያሠራል?

ውኃው ከመጀመሪያው ቀይ ቡና ቀድሞ ደረሰ። ወረዳው አንድ ሰብሳቢና ሦስት ምክትል ሰብሳቢዎች ልኮ፣ ሥራውን ያለ አንዳች እርማት የተረከበው በመስቀል ማግስት ነው።