የባለንብረቶች አስተያየት ስለ ሙዚቃ ማጫወቻው

መሥሪያ ቤት አይረሳም፤ ያቆያል። ይህን የማያውቅ ሰው ነው «ደብዳቤዬ ጠፋ» እያለ የሚያማርረው። በፍኖተ ሰላም የሚገኝ፣ ለክብሩ ሲባል ስሙ የማይጠቀስ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ለደረሰው ወረቀት ዘንድሮ በመስከረም ማለቂያ መልስ ለመስጠት ወሰነ። ውሳኔው ፈጣን ነበር። ወረቀቱ በተገኘ በሦስተኛው ቀን ኮሚቴ ተቋቋመለት።

ወረቀቱ የተገኘው የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጡረታ ወጥቶ ዕቃ ሲያስረክብ ነው። አቧራ በጠጣ ካርቶን ውስጥ፣ ከአንድ የሙዚቃ ማጫወቻ ባዶ ማሸጊያ ሥር፣ አራት ቦታ ታጥፎ ተኝቷል። ሲተረጎም እንዲህ ይላል፦ «ውድ ባለንብረት፣ ስለ ማጫወቻዎ ያለዎትን አስተያየት ይህን ቅጽ ሞልተው ቢልኩልን ደስታችን ወሰን የለውም።» ፋብሪካ ከሚያወጣው ዕቃ ሁሉ ጋር እንዲህ ያለ ወረቀት እንደሚመጣ፣ የሚሞላውም ሰው እንደሌለ የሚያውቅ በስብሰባው ላይ አልነበረም፤ ከነበረም እጁን አላወጣም። ኃላፊው አቶ ቴዎድሮስ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ተናገሩ። የጠየቀን አካል አለ አሉ፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጠብቆናል፤ አንድ ቀን እንኳ አላስታወሰንም፤ ይህን ለመሰለ ትዕግሥት መልስ መንፈግ ነውር ነው። ተጨበጨበ።

ማጫወቻዎቹ በጊዜያቸው ብርቅ ነበሩ። አንድ ፕሮጀክት ነው ለሞዴል አርሶ አደሮች ብሎ አሥራ ሁለቱን የሰጠው። የልብስ ሳሙና ያክላሉ፤ በገመድ የሚሰካ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አላቸው፤ መቶ ሃያ ዘፈን በሆዳቸው ይዘው ነው የመጡት። መሥሪያ ቤቱ አርሶ አደር ዘፈን ከሰማ እርፉን ይለቃል ብሎ ሰጋ። ስለዚህ መቶ ሃያውን ዘፈን አስጠፋና በምትካቸው የአንድ ሰው የአርባ ደቂቃ ንግግር አስጫነ። ርዕሱ «የብስባሽ ማዳበሪያ አዘገጃጀትና የሁላችንም የማይተካ ሚና» ይባላል። ተናጋሪው የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ አቶ ባንተአምላክ ነው።

ባንተአምላክ ስለ ድምፁ ሲናገር ትሑት ነው። «እኔ ምን አደረግሁ፤ ሰጪው እሱ» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። በከተማው የሚመረቅ ድልድይ፣ የሚከፈት ዐውደ ጥናት፣ የሚከበር ቀን ሁሉ ያለ እሱ ድምፅ አልተመረቀም፣ አልተከፈተም፣ አልተከበረም። ያን የብስባሽ ንግግር የቀዳው በገዛ ሳሎኑ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ነው። ሲጨርስ ሚስቱ ሰርካለም ውሻው መሃል ላይ ጮኋልና ድገመው ብላው ነበር። እሱ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ ከአንድ ጉሮሮ ሁለት ጊዜ አይወጣም ብሎ እንዳለ አስረከበው።

አሁን ይህ ድምፅ አደጋ ላይ ወድቋል። ከባሕር ዳር ተመድባ የመጣች መስከረም የምትባል ወጣት ባለሙያ፣ በስልክ የሚሰማ የሦስት ደቂቃ ትምህርት ቀድታ አቅርባ ነበር። ሦስት ደቂቃ! ባንተአምላክ በሦስት ደቂቃ ውስጥ «ክቡራንና ክቡራት» ብሎ እንኳ አይጨርስም። አቶ ቴዎድሮስ ሁለቱንም ላለማስቀየም ነገሩን ከቅጹ ጋር አያያዙት።

«ጋሽ ባንተአምላክ፣ ባለንብረቶቹ ከመሰከሩልዎ ድምፅዎ ይቀጥላል» አሉ። «ካልመሰከሩልዎ ደግሞ፣ ያው፣ ዘመኑ የስልክ ነው።»

ባንተአምላክ ለጡረታ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቶታል። ቤት የለውም፣ መኪና የለውም፤ የእኔ የሚለው ድምፁን ብቻ ነው። ስለዚህ አስተያየቱን ራሱ ዞሮ እንዲሰበስብ ጠየቀ። ስለ ባንተአምላክ ድምፅ ከባንተአምላክ የተሻለ የሚያውቅ ስላልነበረ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ፈቀደ። ለገለልተኝነት ሲባል ጸሐፊ ሆና መስከረም ተመደበች።

ከአሥራ ሁለቱ ማጫወቻዎች ሦስቱ ተገኙ። ዘጠኙ «በሥራ ላይ እያሉ ያለፉ» ተብለው ተመዘገቡ።

የመጀመሪያው ባለንብረት ጅጋ አጠገብ የሚኖሩት አያ ጋሹ ናቸው። እንግዶቹን አስቀምጠው ሳጥናቸውን ከፈቱ፤ ከሳጥኑ ጋቢ፣ ከጋቢው ነጠላ፣ ከነጠላው ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ማጫወቻው ወጣ። ፊቱ ላይ የተለጠፈው መሸፈኛ እንኳ አልተላጠም። የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስፖርት ሲሠሩ ማጫወቻው ከኪስዎ ይወድቃል?» የሚል ነው። አያ ጋሹ ለረጅም ጊዜ አሰቡና በስፖርት ወድቆ እንደማያውቅ በእውነት መሰከሩ። ስለ ድምፁ ጥራት ሲጠየቁ ደግሞ የጌታው ድምፅ ምን ይወጣለታል፣ እንደሰጡኝ አለ፣ አሉ። መስከረም ከፍተው ሰምተውት ያውቁ እንደሆነ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀች። አያ ጋሹ ደነገጡ፤ የመንግሥት ዕቃ እንዴት ብሎ ይከፈታል?

«ጻፊ» አለ ባንተአምላክ። «ድምፁን እንደ ቅርስ ጠብቀውታል።»

ሁለተኛዋ እዚያው ጅጋ ጠላ የሚሸጡት እመት ደጊቱ ናቸው። ማጫወቻው ከጋኖቹ በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ አዝራሩ በጣት ብዛት አልቆ ነጥቷል። ባንተአምላክ ይህን ሲያይ ልቡ ሞቀ። እመት ደጊቱ በገበያ ቀን በተለይ ያለ እሱ እንደማይሆንላቸው ነገሩት። ከፈረስ ቤት ዳገት የወረደ ገበያተኛ አንዴ ከተቀመጠ አይነሣም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሂድ ማለት ደግሞ እንግዳን ማስቀየም ነው። ያን ጊዜ ማጫወቻውን ይከፍቱታል።

«እርስዎ ብስባሽ ሲሉ፣ አንዱ ሚስቱ ትዝ ትለዋለች፣ አንዱ ላሙ ያልታለበች መሆኗ ትዝ ይለዋል» አሉ በአክብሮት። «አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ ባዶ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

መስከረም ብዕሯን አንሥታ ባንተአምላክን አየችው። እሱ ሽቅብ ወደ ጣሪያው እየተመለከተ ቃል ይመርጥ ነበር። «ንግግሩ ለትዳር መጽናትና ለእንስሳት ሀብት ልማት የላቀ አስተዋጽኦ አድርጓል» ብሎ አስጻፈ።

ሦስተኛው ባለንብረት አያ እንዳለው ቡሬ ዙሪያ፣ ከወንዝ ዳር በቆሎ የሚያመርቱ ሽማግሌ ናቸው። ማጫወቻውን ከነማጉያው በማሳው መሃል ባለ ማማ ላይ ሰቅለውታል። ባንተአምላክ ለምን እዚያ እንደሰቀሉት ቢጠይቅ፣ በቆሎውም ይማር ብዬ ነው ብለው ጀመሩ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ ጤናው ጠየቁት፤ ስለ ልጆቹ ጠየቁት። በመጨረሻ ነገሩን አመጡት።

«ዝንጀሮ አስቸግሮን ነበር ጌታው። እንግዲህ እርስዎ ኸተከፈቱ ወዲህ ዝንጀሮ አይቆምም።»

ባንተአምላክ ቆሰለ፤ አለመቁሰልም አይቻልም። ሰላሳ ዓመት ሕዝብ ያስተማረ ድምፅ ለዝንጀሮ ማባረሪያ ዋለ። በሚኒባሱ ከመስኮት በኩል ተቀምጦ እስከ መንገዱ አጋማሽ ድረስ ውጭ ውጭውን አየ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን ሲያገላብጠው ሌላ ፊት አገኘበት። ሰውንማ ማንም ይናገረዋል። አራዊት የሚታዘዙለት አንደበት ግን በገድል እንጂ በሕዝብ ግንኙነት አልታየም። ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ አንገቱ ቀና ብሎ ነበር። በማግስቱ የቀረበው ሪፖርት ርዕስ «በድምፅ ኃይል የሚከናወን የሰብል ጥበቃ፦ ምርጥ ተሞክሮ» ሆነ።

ማታውን ለሰርካለም ሲያነብላት፣ እሷ ሽንኩርት እየላጠች ሰማችው። የደጋ ገበሬ ልጅ ናት፤ የአገሯን ሰው ታውቃለች።

«አያ እንዳለው ያሉትን ጽፈሃል» አለችው። «ሳይሉ የተዉትን ጠይቀሃል ወይ?»

ቅናት ነው ብሎ አለፋት።

ምርጥ ተሞክሮ ከተገኘ የልምድ ልውውጥ ግድ ነው። በሳምንቱ ሦስት መኪና እንግዳ ከበላይ መሥሪያ ቤት መጣና ወደ አያ እንዳለው ማሳ ወረደ። «ድምፅ ለሰብል!» የሚል ጨርቅ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ተወጠረ። «ሰብልን በድምፁ ለታደገው ለ» የሚል የምስክር ወረቀትም ታትሞ ነበር፤ ስሙ የሚጻፈው ውጤቱ በዐይን ከታየ በኋላ ነው። ባንተአምላክ ያን ጥቁር ኮት ለብሶ መጥቷል።

ዝንጀሮዎቹ ሰዓት አክባሪዎች ናቸው። ከወንዙ ጫካ ወጥተው ወደ በቆሎው ሲገቡ አያ እንዳለው አዝራሩን ተጫኑት። «ክቡራንና ክቡራት፣ የተከበራችሁ አርሶ አደሮች» የሚለው ድምፅ ሸለቆውን ሞላው። እንግዶቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። አውራው ዝንጀሮ አንድ እሸት ቀነጠሰና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሦስት ደቂቃ አለፈ። ድምፁ ስለ ብስባሽ ጉድጓድ ጥልቀት ያብራራል፤ አውራው በጥሞና እየሰማ ይፈለፍላል። ከእንግዶቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። ባንተአምላክን ላብ አጠመቀው።

«ትንሽ ይታገሡ ጌቶቼ» አሉ አያ እንዳለው። «ገና መግቢያው ላይ ነው።»

በሰባተኛው ደቂቃ ድምፁ «ሁለተኛው ነጥብ ከአንደኛው ነጥብ ቀጥሎ የሚመጣው ነጥብ ሲሆን» ሲል፣ ከበስተኋላው ውሻ ጮኸ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ማጉያው ተንቀጠቀጠ። አውራው ዝንጀሮ እሸቱን ጥሎ ተስፈነጠረ፤ መንጋው በሙሉ ተከተለው፤ ማሳው በቅጽበት ጸዳ። ውሻው ዝም አለ። ንግግሩ ለባዶ በቆሎ ስለ ሁለተኛው ነጥብ ማስረዳቱን ቀጠለ።

ባንተአምላክ ውሻውን በጩኸቱ ዐወቀው። አንበሴ ነው፤ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። ያን ቀን ሰርካለም የሳሎኑን በር ይዛ «ድገመው» ስትለው ፊቷ ምን ይመስል እንደነበረ ትዝ አለው። ጆሮው እስኪግል አፈረ። ከዚያ ደግሞ ያልጠበቀው ነገር፣ ውሻው ናፈቀው።

የእንግዶቹ መሪ ነገሩ እንዳይበላሽ ብለው ቅጹን ከመስከረም ተቀበሉና የመጨረሻውን ጥያቄ ራሳቸው አነበቡ፦ «ማጫወቻው ላይ ምን ቢሻሻል ይወዳሉ?»

አያ እንዳለው መሬት መሬቱን አዩ። የእሳቸው ንግግር ማር ነው፣ እኛም ያደግንበት ነው፣ ምን ይጎድለዋል ብለው ሊያልፉ ሞከሩ። እንግዳው አጥብቀው ያዟቸው። ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው ወደ ባንተአምላክ ዞሩ፤ ዐይናቸው ይቅርታ ይለምን ነበር።

«እንግዲህ ካስገደዱኝ፣ ንግግሩ ቢያጥር፣ ውሻው ቢረዝም።»

ማንም አልሳቀም፤ ለመሳቅ መጀመሪያ የኃላፊው ፊት መታየት አለበት። መስከረም ብዕሯን እንደያዘች ባንተአምላክን አየችው። ልጅቱ አልተደሰተችም፤ አዝናለታለች፤ ይህ ይበልጥ ከበደው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጻፊ» አለ። «እንዳሉት ጻፊው።»

ቅጹ ተሞልቶ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ወደ ፋብሪካው አድራሻ ተላከ። ፋብሪካው አሁን ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም፤ መሥሪያ ቤቱ ግን መልሱን በትዕግሥት ይጠብቃል። ለአርሶ አደሩ የሚላከው ትምህርት የመስከረም የሦስት ደቂቃው ሆነ። ከአሮጌው ቅጂ ደግሞ ንግግሩ ወጥቶ ጩኸቱ ብቻ ተቀነጨበና ወንዝ ዳር ለሚያርሱ ሁሉ ታደለ። የቀረው የምስክር ወረቀቱ ነበር። የታተመ ወረቀት መጣል የሀብት ብክነት ስለሆነ፣ አቶ ቴዎድሮስ ስሙን በውጤቱ መሠረት አስጽፈው በአዳራሽ ሥነ ሥርዓት አዘጋጁ። አንባቢው እንደ ወትሮው ባንተአምላክ ነው። አያ እንዳለው በክብር እንግድነት ተጠርተው ከመስከረም አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሰርካለምም መጥታለች።

ባንተአምላክ ወደ መድረኩ ወጣ። ወረቀቱን አየው፤ ስብሰባውን አየው። «ክቡራንና ክቡራት» ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

«ሰብልን በድምፁ ለታደገው ለአንበሴ» ብሎ አነበበ። «ሰርካለም ትቀበልለታለች።»

ከመድረኩ ወረደ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሰርካለም ወረቀቱን ተቀብላ ስትመለስ ከጎኑ ተቀመጠችና፣ በሰላሳ ዓመት ትዳራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ዛሬስ አማረብህ» አለችው። ደስ አለው፤ በእውነት ደስ አለው።

ከዚያ አቶ ቴዎድሮስ አጭር የመዝጊያ ንግግር ለማድረግ ስምንት ገጽ ወረቀት ይዘው ተነሡ። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ አያ እንዳለው ወደ መስከረም ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ልጄ» ብለው በትሕትና ጠየቋት፣ «እሳቸው ላይ ውሻው ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው የሚመጣው?»