ለምርጫው አይደለም

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ማንም ሳይለምነው የሚወዳደር፣ ተወዳድሮ የሚሸነፍ፣ በማግስቱም ቁርሱን በልቶ ለሚቀጥለው ምርጫ የሚነሳ። እኛ ሰፈር የለም ካላችሁ ደህና አድርጋችሁ አላያችሁም። የኛው፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ፣ ክቡር ዕጩ ኑርሁሴን ይባላል።

ክቡር ዕጩ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው። ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል። በቀረው ጊዜ የቀጠናችንን ተወካይ አቶ አግማስን ከወንበራቸው ለማንሳት ይሠራል። የቀጠና ተወካይ ማለት የሰፈሩን ጉዳይ ይዞ ቀበሌ የሚሄድ ሰው ነው። አቶ አግማስ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዘው ሄደዋል፤ ይዘው ሲመለሱ ግን ያየ የለም። ምንም ብትነግሯቸው ሰማያዊ ደብተራቸውን አውጥተው ይጽፉና "ተይዟል" ይላሉ። መብራት ጠፋ? ተይዟል። ውሻ ነከሰን? ተይዟል። የኛ ቤት ጥግ ያለው ቦይ ከተደፈነ ስድስት ክረምት አልፎታል። ሐምሌ በገባ ቁጥር ጎርፉ በደጃፋችን ይገባል፤ እናቴ ወርቅነሽ አልጋዋን አራት ብሎኬት ላይ ሰቅላ ትተኛለች። እሱም ተይዟል።

ስለዚህ ተፎካካሪ ሲነሳ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሰው በድንገት ደግ ሲሆን እፈራለሁ።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከገበያ ስመለስ ክቡር ዕጩ ከኋላዬ ደርሶ "አምጪ እስክዬ፣ ልያዝልሽ" አለና ዘንቢሌን ተቀበለኝ። ደጃፋችን ላይ አስቀምጦ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞር አለ።

"ወላሂ ለምርጫው አይደለም!"

ማን ጠየቀው? እኔ እንደሆንኩ "እግዜር ይስጥልኝ" ለማለትም አፍሬ ቆሜ ነበር። ያን ቀን ግን ቤት ገብቼ ቲማቲሙን አንድ በአንድ ቆጠርኩት።

ከዚያ ወዲህ ለምርጫው ያልሆነ ነገር በዛ። የእትዬ ሐዋን የተነቀለ በር ገጠመ፤ ለምርጫው አይደለም። ለቅሶ ቤት ከሟች ልጆች ቀድሞ ደረሰ፤ ለምርጫው አይደለም። አንድ ቅዳሜ ደግሞ አካፋ ይዞ የኛን ቦይ ሲጠርግ አገኘሁት። መጋረጃ ጀርባ ቆምኩና ሰው እያየው መሆኑን ለማረጋገጥ ስንት ጊዜ ቀና እንደሚል ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ቀና አለ። በኋላ ሳስበው ወገቡን አሞት ሊሆን ይችላል። ያኔ ግን አላሰብኩም።

አንድ ቀን ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ ተገናኘን። የሃረጎን ቁልቁለት እስክንጨርስ ስለ ቦይ ሰበከ። አጠገቡ የተቀመጡ እናት መጨረሻ ላይ ሳል አሉና፣

"ልጄ፣ እኔ እኮ የደጋን ከተማ ሰው ነኝ። እናንተ ሰፈር አልመርጥም" አሉት።

"አውቃለሁ እማማ፤ ዱዓ ያርጉልኝ ብዬ ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግጥም ተምረሻል አሉ። አንድ ሁለት ስንኝ ብትቋጥሪልኝስ?"

ያዝኩህ! አልኩ በሆዴ። ዘንቢሉም ቦዩም ለስንኝ ኖሯል። እንደ ልማዴ "እሺ" አልኩት፤ እንደ ልማዴም ሳልጽፍለት ቀረሁ።

በሰኔ የመጀመሪያው እሁድ ቀበሌ አዳራሽ ተሰበሰብን። ምርጫው እጅ በማውጣት ነው። አቶ አግማስ ከፊት ለፊታችን ተቀምጠው መነጽራቸውን ጠረጉና እያንዳንዳችንን አዩን። አባቴ ሲሞት ድንኳኑን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። ለአዳራሹ ግማሽ ሰው ሽምግልና ሄደዋል። "አቶ አግማስን የምትመርጡ!" ሲባል እናቴ እጇን አወጣች።

"እማዬ! አልጋሽስ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ዓይን ዓይኔን እያዩኝ እንዴት ልከልክላቸው? አንቺ ደግሞ!"

ቆጣሪው ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመ። ሠላሳ ስምንተኛው እጅ ከፊት ረድፍ ነው፤ የክቡር ዕጩ የራሱ እጅ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። "አንተ ሰውዬ!" አለ ባለሱቁ ስለሺ፣ "ከማን ጋር ነው የምትወዳደረው?"

"ታዲያ ምን ላርግ?" አለ ኑርሁሴን እጁን ሳያወርድ። "ሚስቴን ፈትሂያን ለትዳር የጠየቁልኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ?"

እኔ አልሳቅሁም። ለራሱ አንድ ድምፅ ያልሰጠ ሰው ለድምፅ ብሎ የኔን ዘንቢል እንዴት ይሸከማል? ሦስት ሳምንት የሰበሰብኩት ጥርጣሬ ባንዴ አፈር በላ።

ለእሱ ሠላሳ ሰባት እጅ ወጣ። በአንድ ድምፅ ተሸነፈ። የኔ እጅ ያኔ የት እንደነበር ማንም አልጠየቀኝም፤ ነጠላዬ ውስጥ ነበር። ላወጣው ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ መስሎኝ እስክደፍር ድረስ ቆጠራው አለቀ። ስንወጣ እናቴ ለአቶ አግማስ እንኳን ደስ ያለዎት ብላ የቦዩን ነገር አስታወሰቻቸው። ደብተሩ ወጣ።

የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር በመስኮት ቁልቁል አየሁ። ኑርሁሴን ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎርፉ ከላይ ያመጣውን አፈር በአካፋ ያወጣል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮት ከፍቼ ጮኽሁ።

"ጋሽ ኑርሁሴን! ምርጫው እኮ አለፈ!"

ቀና አለ። ውሃው ከአገጩ ይንጠባጠባል። "አብሽሪ! ለሚቀጥለው ነው!"

አላመንኩትም።

የሚቀጥለው ምርጫ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ እናቴ ሳታየኝ መስታወት ፊት እየቆምኩ እጅ ማውጣት እለማመዳለሁ። ትናንት ጆሮዬ ድረስ ደርሻለሁ።