ሽማግሌ የተላከበት ግጥሚያ

እዚህ ሲያትል በዝናብ ምክንያት የቀረ ነገር አይቼ አላውቅም። እናንተስ? የልጆች ኳስ አይቀርም። ሰርግ አይቀርም። የጓሮ ጥብስ እንኳ አይቀርም፤ ሰውዬው በአንድ እጁ ጃንጥላ ይዞ በሌላው ሥጋውን ያገላብጣል። እኔ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ሬኒየር ቢች ላይ ውሃ እያንጠባጠበ የሚሳፈር ሁሉ «ጥሩ ቀን ነው» ይለኛል። ስለዚህ እህቴ ጽጌ በነፋስ ምክንያት ግጥሚያ ካልቀረ ብላ ስትነሳ ግራ ገባኝ። ያውም ግጥሚያው እዚህ አይደለም፤ ፍሎሪዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጽጌ ልጅ ናሆም ፍሎሪዳ ኮሌጅ ገብቶ የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ይጫወታል። ይጫወታል ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ወንበር ሲያሞቅ ነው የከረመው። ሥራው ኳሷን በሁለት ምሰሶዎች መሀል መምታት ነው። ለዚያ ሥራ ከሱ የሚሻል ልጅ ነበረ። ያ ልጅ ጉልበቱን ታመመና አሰልጣኙ ናሆምን «ቅዳሜ ተራው ያንተ ነው» አለው። ናሆም ለእናቱ ደውሎ ደስታውን ሳይጨርስ ቴሌቪዥኑ ሀሪኬን፣ ያ ጣራ የሚነቅለው ነፋስ፣ እየመጣ ነው አለ።

ካርታው ላይ የሚሽከረከረውን ያንን ቀይ ነገር ታውቁታላችሁ መቼም። ጽጌ እዚሁ ሲያትል አጠገብ ሬንተን፣ ሳሎኗ ውስጥ ቁጭ ብላ ዓይኗን ከሱ አልነቅልም አለች። አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ እዚያም በስልኳ ታየዋለች። «ሌሎቹ ልጆች ፍሪጅ ፍሪጅ ያክላሉ፤ ነፋስ አይነቀንቃቸውም። የኔን ከሲታ ነው ይዞት የሚሄደው!» ትላለች። ይሄ ጌም ካንስል ካልተደረገ እንቅልፍ የለኝም አለች።

እኔ ምን አልኳት? እንደ ልማዴ «እውነትሽን ነው፣ መቅረት አለበት» አልኳት። ወዲያው ናሆም ደወለ። «አጎቴ፣ ሦስት ዓመት ነው የጠበቅኩት። ዲስ ኢዝ ማይ ቻንስ» አለኝ። ድምፁ ሊያለቅስ ደርሷል። «እውነትህን ነው፣ መቅረት የለበትም» አልኩት። ፈሪ በሉኝ ከፈለጋችሁ። ግን ልጁን ሕፃን ሆኖ አዝዬዋለሁ፤ ለሁለቱም ፈራሁላቸው።

ሐሙስ ዕለት ጽጌ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰች። ሽማግሌ እልካለሁ አለች። ለማን? ለአሰልጣኙ!

ሬንተን ውስጥ ተጣልቶ በጋሽ ታደሰ ያልታረቀ ባልና ሚስት የለም። ጋሽ ታደሰ ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ጽጌ ለአሰልጣኙ ኢሜል ልካ ነበር። ሰውየውም የወላጅ ጥያቄ መስሎት በቪዲዮ እንነጋገር አለ፤ ደግ ሰው ነው።

እንግዲህ ሽማግሌ ሲላክ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ሦስቱም ላፕቶፑ ፊት ቆሙ። ላፕቶፑ ደግሞ ያለው ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ለአሰልጣኙ የታዩት ሦስት ከረባቶች ብቻ ናቸው። እባካችሁ ተቀመጡ አለ። ተረጎምኩ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም በለው!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ሰውየው ደነገጠ። ምን አጠፋሁ አለኝ። ጋሽ ታደሰ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ልጆቹን፣ ከዚያ ቡድኑን መረቁ። ተቃራኒው ቡድን ሳይመረቅ የቀረው እኔ ስላሳልኩ ነው። በመጨረሻ እናት ፈርታለችና ይቅርላት አሉ። አሰልጣኙ ከረባቶቹን በትሕትና አዳመጠ። ውሳኔው የኮሌጁ እንጂ የሱ እንዳልሆነ፣ ነፋሱ የሚደርሰው ማታ ስለሆነ ግጥሚያውን ወደ ቀትር ለማምጣት እንደታሰበ፣ ልጆቹንም ለአደጋ እንደማይሰጥ ተናገረ። ቀጥሎ ጠየቀ፤ ናሆምስ ምን ይላል?

ይሄን ማንም አላሰበውም ነበር። ጋሽ ታደሰ ወደኔ ዞሩ። አሁን እውነቱን ከመናገር ሌላ ምን ምርጫ አለኝ? መጫወት ይፈልጋል አልኩ። ጽጌ ያየችኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩና ተመለሱ።

«እናት ይቅር ትላለች። ልጅ ልጫወት ይላል። አንዳቸውም እንዲያዝኑ አንፈልግም። ሶ፣ እስከ ዕረፍት ይጫወቱና ይብቃቸው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

አሰልጣኙ ወረቀት ላይ ጻፈው። ቀጥሎ ሐሳባችሁን ለአለቆቼ አደርሳለሁ አለ። ጋሽ ታደሰ «በቃ እሺ ብሏል!» ብለው ተቀመጡ። ሰውየው ገና ያኔ ፊታቸውን አየና እንደ አዲስ ሰላም አላቸው።

ግጥሚያው እውነትም ወደ ቀትር መጣ። ጽጌ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና በቀዳዳ ነው ያየችው። የናሆም የመጀመሪያው ምት ሳተ፤ ነፋሱ ልጁን ትቶ ኳሷን ወሰዳት። አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ነጠላው ወረደ። «ኧረ ድገሙለት!» ብላ ጮኸች። ካልቀረ ስትል የነበረችው ሴትዮ ናት እንግዲህ! ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው ደገመ። መሀል ለመሀል ገባች። ጽጌ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ። ተጫዋቾቹ ለዕረፍት ገቡ፣ መብረቅ መጣ፣ ተጠበቀ ተጠበቀና ግጥሚያው እዚያው ላይ እንዲያበቃ ተስማሙ። ወዲያው ስልኬ ጠራ። ጋሽ ታደሰ ናቸው። «እንዳልነው አደረጉ አይደል?»

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለሁላችንም ክብር ነበረው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነፋስ ወደኛ መጣ። እኔ ጽጌ ቤት ነው ያደርኩት፤ ሬንተን መብራት ጠፋ፤ ዛፉ ይጮሃል። ጽጌ የሥራ ልብሷን ለብሳ ቁልፏን ትፈልጋለች። ናሆም ከፍሎሪዳ ደውሎ አትውጪ ይላታል። «ለነፋስ ተብሎ ሥራ ይቀራል እንዴ? መጦሪያ ያሉትን ሽማግሌዎቼን ማን ቁርስ ያበላልኛል?» አለችና ዘጋችበት። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ታደሰና ሁለቱ ጓደኞቻቸው፣ በሙሉ ልብስ፣ በስብሰው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ጽጌ ደንግጣ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም። የላከን ናሆም ነው።»

ጽጌ ቁልፏን አስቀመጠች። ልጇ አድጎ ሽማግሌ ላከባት፤ ከዚህ በላይ ምን ትላለች? መጦሪያው ደወለች፤ የሌሊቷ ተረኛ ትንሽ ልትቆይላት ተስማማች። ሽማግሌዎቹም እንደ ልማዳቸው አካፍለው ፈረዱ፤ ግማሽ ቀን ቅሪ፣ ነፋሱ ሲበርድ ትሄጃለሽ አሉ። ገና ከመቀመጣቸው ውጭ አንድ ነገር ተንኮታኮተ። በመስኮት አየን። ትልቁ ዛፍ የጋሽ ታደሰ መኪና ላይ ተጋድሟል።

«እናንተን ግን በዚህ ነፋስ ማን ውጡ አላችሁ?» አለች ጽጌ።

ጋሽ ታደሰ መኪናቸውን አዩ፤ ከረባታቸውን ፈታ አደረጉ።

«እኛ ላይማ ማን ሽማግሌ ላከ?» አሉ።