ስኳር በጥላ ሲለካ

መጠርጠርን የመሰለ ቀላል ሥራ የለም። በሬ አይጠምዱለት፣ ዝናብ አይጠብቁለት፤ እንደተቀመጡ ይሠሩታል። በተለይ እንደ እኔ ፊደል የቆጠረ ሰው ሲጠረጥር ጥርጣሬውን ጥርጣሬ አይለውም፤ ምርምር ነው የሚለው። እናንተም እስኪ ልባችሁን ጠይቁት። ቤታችሁ ውስጥ ያልገባችሁ ነገር ሲፈጠር ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ምን ላይ ነው? የእኔ ዓይን ሰው ላይ ነው። ባለፈው የሁዳዴ ጾም ደግሞ ያረፈው በገዛ አጎቴ ላይ ነበር።

አጎቴ የኔታ ፈንታ ከወገዳ ወጣ ብላ ባለች ደብር ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ መሪጌታ ናቸው። ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ኢንሱሊናቸውን ጠዋትና ማታ በገዛ እጃቸው ይወጋሉ፤ ማቀዝቀዣ ስለሌላቸውም መድኃኒቱን በእርጥብ አሸዋ መሀል በተቀመጠ ገንቦ ውስጥ ያኖሩታል። በጾሙ መግቢያ አስማቸው ክፉኛ ተነሣና ንፋስ መውጫ፣ እኔ ላጤው መምህር ዘንድ መጥተው ታከሙ። ሐኪሙ ለአስሙ በየጠዋቱ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላቸው። ስለ ክኒኑና ስለ ስኳሩ ሌላም ነገር ይናገር ነበር፤ የየኔታ ጆሮ ትንሽ ከብዷል፣ እኔ ደግሞ ስልኬን እያየሁ ነበር።

አስሙ በሁለት ቀን ተነፈሰ። ስኳሩ ግን አበደ። ጠዋት ሲለኩት ደህና ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሦስት መቶን አልፎ ቁጭ ይላል። ውሃ አይበቃቸውም፣ ዓይናቸው ይጭበረበራል፣ ዳዊታቸውን ገልጠው መልሰው ይከድኑታል። በዚያ ዕድሜ ይህ ቢቀጥል ወዴት እንደሚያደርስ ማንም ያውቀዋል። የነፍስ አባታቸው መርፌ የሚወጋ ሰው ሆዱን ባዶ አያውልም ብለው ከጾሙ ስለፈቷቸው ጠዋት ቂጣ፣ በዘጠኝ ሰዓት ሽሮ፣ ማታ ያንኑ ትንሽ ይበላሉ። ታዲያ ስኳሩ ከየት መጣ?

ለእኔ ግልጽ ነበር። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ዘመድ የላከልኝ ነጭ ማር በባልዲ ጓዳ ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነኝ። ማሩ በሚደርስበት ልክ ባልዲው ላይ በእስክሪብቶ ቀጭን መሥመር አሰመርኩ።

ማታ ግን መሥመሩን እንኳ ሳላይ አፌ ቀደመኝ። «የኔታ፣ ቀን ቀን የሚቀምሱት ነገር ይኖር ይሆን?»

«ሰርቄ ልብላ፣ በዚህ ሽበት?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ማፈር የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ አላፈርኩም።

በማግስቱ ቅዳሜ ጓሮ ስወጣ የኔታ ፀሐይ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የጥላቸው ጫፍ ላይ በጠጠር ምልክት አስደረጉኝና ካሉበት እስከ ጠጠሩ ድረስ ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያገናኙ በባዶ እግራቸው ቆጠሩት። ሰዓት በእጃችን ያሰርን ሰዎች ረስተነው ነው እንጂ፣ በደብራቸው የጾም ቅዳሴ መግቢያው ሲለካ የኖረው በዚሁ ነው። ከዚያ ጣታቸውን ወጉ፣ ለኩ፣ አንድ አሮጌ ደብተር ላይ በግዕዝ ቁጥር ጻፉ፤ በግራ ጥላው፣ በቀኝ ስኳሩ። ይህን በየቀኑ ደጋግመው ሦስት ቀን አደረጉት።

በአራተኛው ቀን ደብተሩን ጤና ጣቢያ ላለችው ሲስተር ዘረጉላት። «ልጄ፣ ቂጣው ያው ቂጣ፣ መርፌውም ያው መርፌ ነው። ጥላዬ ወደ ምዕራብ ሳለ ስኳሩ ጸጥ ይላል። ወደ ምሥራቅ ሲዞር ይነሣል፣ ማታ ይብሳል፣ ሲነጋ ይተኛል። አዲስ የገባብኝ ነገር ይህ የጠዋት ክኒን ብቻ ነው።»

ሲስተር ደብተሩን ደጋግማ አየችው። «ልክ ነዎት የኔታ። የክኒኑ ጠባይ ነው፤ ጠዋት ከተዋጠ ከሰዓት በኋላ ስኳር ያስነሣል። ዶክተሩ አልነገራችሁም እንዴ?»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ዶክተሩ ደብተሩን አይቶ የጠዋቱን ኢንሱሊን ጨመረላቸው፤ ክኒኑ በየደረጃው እየቀነሰ ሲሄድ ኢንሱሊኑም መቀነስ እንዳለበት፣ አለዚያ ስኳሩ ወርዶ እንደሚጥላቸው አስጠነቀቀ። ጭማሪው የተጻፈበትን ወረቀት ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ክኒኑ በግማሽ በቀነሰ ማግስት ጠዋት፣ የኔታ መርፌውን ይዘው ቆም አሉ። «ትናንት ጥላው ወደ ምሥራቅ ዞሮም ስኳሩ አልተነሣም። ይህን ያህል ልወጋ አይገባም። ደውልላት።» እኔ ወረቀቱን እየጠቆምኩ «ተጽፏል እኮ» አልኩ። «ደውል» አሉ። ደወልኩ። ሲስተር ቁጥሮቹን ሰምታ፣ ዶክተሩን ጠይቃ መጠኑን አስቀነሰች። «በድሮው ልክ ወግተው ቢሆን ኖሮ ወድቀው ታገኛቸው ነበር» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። በአንድ ጠጠርና በሁለት ባዶ እግር፣ ደማቸው ውስጥ የሚሆነውን ነገር ከእኔ ከነስልኬ ቀድመው ያዩት እኚህ ሰው ናቸው፤ እኔም ማር ሌባ ያልኳቸው እኚህኑ ነው። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ።

ክኒኑ አልቆ፣ ስኳሩም ወደ ቀድሞ ልኩ ተመልሶ ወደ ወገዳ የሚሄዱ ዕለት እስከ መኪናው ሸኘኋቸው። ዱላቸውን አቀበልኳቸው፣ ጉልበታቸውን ስሜ ልመለስ ስል ጠሩኝ።

«በባልዲው ላይ ያሰመርከውን አይቼዋለሁ» አሉ። «ማሩ ከመሥመሩ አራት ጣት ወርዷል፤ እኔ ጣቴን አልነከርኩበትም። የእኔንስ ለክተነዋል ልጄ። አንተም ተለካ።»